ቆጠራው ሳያልቅ ካሜራው እንዳይጠፋ፦ የፓወር ባንክ አመራረጥ

በሞያሌም ይሁን በቶጎ ውጫሌ፣ ከብት ከመኪና ሲራገፍ የሚነሳው ክርክር የታወቀ ነው፦ ስንት ተጫነ? ስንት ደረሰ? ያነከሰው በሬ መንገድ ላይ ነው ወይስ ከመነሻው? ይህን ክርክር ከሚያሳጥሩት ነገሮች አንዱ የመጫኑና የማራገፉ ቪዲዮ ነው። ቪዲዮው የሚያሳምነው ግን ከመጀመሪያው እንስሳ እስከ መጨረሻው ሳይቆረጥ ሲቀረጽ ነው። በመሃል ቻርጅ ካለቀ ክርክሩ ተመልሶ ይመጣል።

ትልቁን ቁጥር ብቻ አይዩ

ፓወር ባንክ ላይ በትልቁ የሚጻፈው 20,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት የውስጡ ባትሪ በ3.7 ቮልት የሚይዘው ነው። አብዛኛው ስልክና ትንሽ ካሜራ ግን የሚቀበለው 5 ቮልት ነው። ቮልቱ ከፍ ሲል መጠኑ ይቀንሳል፤ ጥቂቱም ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ስለዚህ በእጅዎ የሚገባው ከ12,000 እስከ 13,000 ገደማ ነው።

ለማነጻጸር የሚሻለው ዋት-ሰዓት ነው። 20,000ን በ3.7 አባዝተው ለ1,000 ሲያካፍሉ 74 ይመጣል። ከብክነቱ በኋላ 60 ያህሉ ይቀራል፤ 5 ዋት የሚወስድ ካሜራ በዚህ 12 ሰዓት ገደማ ይሠራል።

ክብደቱም ይናገራል። እውነተኛ 20,000 ከ300 ግራም በታች ሊመዝን አይችልም ማለት ይቻላል። መዳፍ ላይ ቅልል የሚል «50,000» ሲያዩ ዋጋው ቢረክስም ይለፉት።

ካሜራዎ 9 ወይም 12 ቮልት የሚጠይቅ ከሆነ ተራው ፓወር ባንክ አያስነሳውም፤ ፒዲ የሚባለውንና ያንን ቮልት የሚሰጠውን ይምረጡ።

መንገድ ላይ

ሙቀት የባትሪ ጠላት ነው። ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ እየመታው አይተዉት፤ ከ45 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀትም አይሙሉት። በሶላር ሲሞሉ ሰሌዳው ፀሐይ ላይ፣ ፓወር ባንኩ ጥላ ውስጥ ይሁን።

ከመኪና ለመሙላት ቻርጀሩ ላይ «12–24 ቮልት» መጻፉን ያረጋግጡ። ፒክአፕ 12 ቮልት ሲሆን አብዛኛው ከባድ ጭነት መኪና 24 ነው፤ ለ12 ብቻ የተሠራው ሊቃጠል ይችላል።

ከአንድ 20,000 ይልቅ ሁለት 10,000 መያዝ ብልህነት ነው፦ አንዱ ጫኚው ጋ፣ ሌላው ተረካቢው ጋ። ገመዱንም ከካሜራው ጋር በፕላስተር ይሰሩት፤ ፍየል ገፍታ ከነቀለችው ቀረጻው ሊቋረጥ ይችላል።

ወደ ጅዳ ወይም ዱባይ የሚበሩ ከሆነ ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይገባም። እስከ 100 ዋት-ሰዓት በአብዛኛው ያለ ልዩ ፈቃድ ያልፋል፤ ከ100 እስከ 160 የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ጽሑፉ የጠፋ ፓወር ባንክ ፍተሻ ላይ ሊወሰድብዎ ይችላል።

የመጨረሻው ፈተና ቤት ውስጥ የሚደረገው ነው። ፓወር ባንኩን ሞልተው ካሜራውን ያገናኙና እስኪጠፋ ይቅረጹ። የቆየበት ሰዓት ከረጅሙ ማራገፍዎ በግማሽ ከበለጠ ይዘውት ይውጡ።