«ትሬዲንግ» የሚማሩ ልጆች

ልጄ የፋይናንስ ተማሪ ናት፤ ሦስተኛ ዓመት። ባለፈው ሴሚስተር ከወሰደቻቸው ኮርሶች አንዱ ስለ አክሲዮን፣ ስለ ቦንድና ስለ ገበያ ዋጋ የሚያስተምር ነው። በመዝገብ ላይ ረዥም ስም አለው፤ ተማሪዎቹ ግን «ትሬዲንግ» ብለው ይገላገሉታል። እናቴ ቃሉን ስትሰማ «ንግድ ነው?» አለች። መርካቶ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቅመማ ቅመም የሸጠች ሴት ናትና ለንግድ ዩኒቨርሲቲ መግባት ለምን እንዳስፈለገ አልገባትም። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። በሰፈራችን ይህ ቃል የሚሰማው ስልካቸው ላይ ቀይና አረንጓዴ መስመር ሲያዩ ከሚያድሩ ወጣቶች አፍ ነው። ስለዚህ ሴሚስተሩን ሙሉ ልጄንም፣ እኛ ቤት እየመጡ አብረዋት የሚያጠኑትን ጓደኞቿንም ስጠይቅ ከረምኩ።

አክሲዮን መገበያየት ለአገራችን ጨርሶ እንግዳ አይደለም። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ይሸጥና ይገዛ ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. ባንኮችና ፋብሪካዎች ሲወረሱ ነገሩ አበቃ። የካፒታል ገበያ አዋጅ በ2013 ዓ.ም. ወጣ፤ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያም ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ተከፈተ። የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ወጋገን ባንክ ነበር። የልጄ ክፍል ተማሪዎች ከእነሱ በፊት እንደነበሩት የሌላ አገር ገበያ በመጽሐፍ ብቻ አይማሩም ማለት ነው።

መምህራቸው አራት አራት ሆነው እንዲቧደኑ አደረገና ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ሚሊዮን ብር ሰጠ። ደንግጣችሁ እንደሆነ ተረጋጉ፣ ገንዘቡ ወረቀት ላይ ያለ ብቻ ነው። ዋጋው ግን የእውነት ነው፤ የባንክ አክሲዮን፣ የግምጃ ቤት ሰነድ፣ የቡና ዋጋ፣ የውጭ ኩባንያዎችም ጭምር። እያንዳንዱ ቡድን ሲገዛም ሲሸጥም ምክንያቱን በማስታወሻ ደብተር እንዲጽፍ ታዘዘ። አንዱ ቡድን ያለውን ሁሉ ቡና ላይ አዋለና በሦስት ሳምንት ከሁሉም በላይ አተረፈ። ልጄ ያን ሰሞን እራት ላይ ፊቷ አይፈታም ነበር፤ የእነሱ ቡድን ገንዘቡን በየቦታው በትኖ ትርፉ ከቁጥር የማይገባ ሆኖባት ነው።

ውጤት ሲሰጥ ግን ያ ቡድን ከታች ሆነ። ደብተራቸው ላይ በምክንያት ቦታ የተጻፈው «ስለሚጨምር» የሚል ነበር፤ ያውም ሦስት ጊዜ። ተማሪዎቹ ቢሮ ድረስ ሄደው ተከራከሩ። መምህሩ የመለሰላቸውን ልጄ ስትነግረኝ ወደድኩት። አስር ሺህ ብር ያለው ሰው ግማሹን ቢያጣ አምስት ሺህ ይቀረዋል፤ ወደ ነበረበት ለመመለስ ግን ሃምሳ በመቶ ሳይሆን መቶ በመቶ ማትረፍ አለበት። ስለዚህ ፈተናው ምን ያህል እንዳገኛችሁ ሳይሆን፣ ነገሩ ቢገለበጥ ምን ያህል እንደምታጡ አስቀድማችሁ ማሰባችሁ ነው አላቸው። ልጆቹ አሁንም ተበድለናል ባዮች ናቸው። እኔ በመምህሩ እፈርዳለሁ።

እናቴም የራሷን ድርሻ ሰጥታለች። አንድ ማታ ልጄ ለአንድ አክሲዮን የሚጠየቀው ዋጋና ገዢ የሚሰጠው ዋጋ እንደሚለያይ ስታጠና ሰማቻትና «ጠዋት ገዝተሽ ከሰዓት ብትሸጪ ልዩነቱ የማን ኪስ ይገባል?» አለቻት። ልጄ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። በቀን አስር ጊዜ የሚገዛና የሚሸጥ ሰው ዋጋው ባይወርድበት እንኳ በዚያች ልዩነትና በኮሚሽን ተሸርሽሮ እንደሚያልቅ መጽሐፉ በሁለት ገጽ የጻፈውን እናቴ በአንድ ጥያቄ ጨረሰችው። እሷ ይህን የምታውቀው ከበርበሬ ነው።

ከጓደኞቿ መካከል ዝም የሚል አንድ ልጅ ነበር። ታሪኩን እንድጽፈው ፈቅዶልኛል፤ ስሙን ግን እንዳላነሣ ለምኖኛል። ኮርሱ ከመጀመሩ በፊት ለምግብና ለቤት ኪራይ ከቤተሰብ የተላከለትን 18 ሺህ ብር በሰው በኩል ወደ ዶላር አስቀይሮ ስልኩ ላይ ባለ የፎሬክስ መተግበሪያ አስገባ። ሁለት ሌሊት አልቆየም። ለምን እንዲያ በፍጥነት እንዳለቀ የገባው መምህሩ ስለ ሌቨሬጅ ባስተማረ ቀን ነው። በመቶ ዶላር የአስር ሺህ ዶላር ያህል እንድትገበያይ ይፈቅዱልሃል፤ የቀረው እንደ ብድር ነው። ታዲያ ዋጋው በአንድ በመቶ ብቻ ካንተ በተቃራኒ ቢሄድ ያንተ መቶ ዶላር ሙሉ በሙሉ ሄደች። አንድ በመቶ ደግሞ የገንዘብ ገበያ በአንድ ቀን ሊሄደው የሚችል መንገድ ነው። «ያን ቀን ከክፍል ወጥቼ መጸዳጃ ቤት ገባሁ» አለኝ።

ይህ የእኛ ልጆች ችግር ብቻ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት የገበያ ተቆጣጣሪ በ2018 እ.ኤ.አ. እንዲህ ባለ በብድር የሚሠራ ግብይት ከሚገቡ ተራ ደንበኞች ሒሳብ ከ74 እስከ 89 በመቶ የሚሆነው እንደሚከስር ገልጾ፣ በዋና ዋና ገንዘቦች ላይ ብድሩ ከሠላሳ እጥፍ እንዳይበልጥ ገደበ። አገናኝ ድርጅቶቹም ከደንበኞቻቸው ስንት በመቶው እንደሚከስር በግልጽ እንዲጽፉ አስገደደ። በቴሌግራም «በሳምንት እጥፍ» የሚሉት ይህን ቁጥር ሲጽፉ አላየሁም። በእኛም አገር በሰነደ ሙዓለ ንዋይ የሚያገበያይ ድርጅት ከኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ልጅዎ «ትሬዲንግ ጀመርኩ» ካለዎት ገንዘቡ ማን ጋ እንዳለና ፈቃድ የሰጠው ማን እንደሆነ ረጋ ብለው ይጠይቁት። አይቆጡት። ከተቆጡት ይደብቅዎታል፤ የደበቀ ልጅ ደግሞ ያጣውን ለመመለስ ይበደራል።

ልጁ ይህን ያውቀዋል፤ ከክፍል ጓደኞቹ መበደር ጀምሮ ነበር። አሁን ቅዳሜና እሑድ አንድ ሱቅ ውስጥ ሒሳብ እየሠራ ዕዳውን እየከፈለ ነው። ለእናቱ ነግሯቸዋል። አባቱ የገጠር መምህር ናቸው፤ ለእሳቸው በስልክ መናገር አልሆነለትም። ለፋሲካ አገር ቤት ሲገባ ፊት ለፊት ሊነግራቸው ወስኗል። የኮርሱን ማስታወሻ ደብተር ይዞ ሊሄድ ነው፤ አሳይቶኛል። መጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ማንም ሳያዘውና ነጥብም ሳይያዝለት፣ ያንን ግብይት መዝግቦታል፤ ቀኑን፣ 18 ሺህ ብሩን፣ በምክንያት ቦታም «ጓደኛዬ ሲያተርፍ አይቼ» የሚለውን።