በሽማግሌዎች የቆመች ቤተ ክርስቲያን፦ የደምቢ ዶሎዋ ቤቴል

በቄለም ወለጋ «የአሜሪካ ሚስዮን» ሲባል የማያውቅ የለም። ሐኪም ቤቱና ትምህርት ቤቱ ስሙን አኑረውታል። ከዚያ ሚስዮን የተወለደችው የቤቴል ቤተ ክርስቲያን እንዴት እንደምትተዳደርና ያለ ውጭ ሰው እንዴት ጸንታ እንደቆመች ግን ብዙ አልተነገረም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቤቴል የፕሪስቢቴሪያን ልማድ ወራሽ ናት። ልማዱ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከጄኔቫው ካልቪን ትምህርት ተነስቶ፣ በጆን ኖክስ በኩል በስኮትላንድ ሥር ሰደደ። በዚህ ሥርዓት ጳጳስ የለም፤ አንድ ቄስም ብቻውን አይወስንም። ምእመናን ከመካከላቸው ሽማግሌዎችን ይመርጣሉ፤ ሽማግሌዎቹ ከቄሱ ጋር ተቀምጠው አባል ይቀበላሉ፣ ያጠፋውን ይመክራሉ፣ የማኅበሩን ጉዳይ ይወስናሉ። ዲያቆናት ችግረኛውን ይረዳሉ። በአንድ አካባቢ ያሉ ማኅበራት ቄሶችና ሽማግሌዎች የጋራ ጉባኤ ይመሠርታሉ፤ ቄስ የሚሾመውም ይህ ጉባኤ ነው። ከእሱ በላይ ሲኖዶስ፣ ከሁሉም በላይ ጠቅላላ ጉባኤ አለ።

የሚስዮን ድጋፍም የሚነሳው ከታች፣ ከየማኅበሩ ነው። ምእመናን እሑድ እሑድ ከሚሰጡት መባ ለሚስዮን ሥራ ይከፈላል፤ የሴቶች ማኅበራት ለብቻቸው ያዋጣሉ፤ አቅም ያለው ደግሞ በስጦታ ያክላል። በአዲስ አበባ ጉለሌ የተሠራው የጆርጅ መታሰቢያ ሆስፒታል ለዚህ ምሳሌ ነው። ስሙን ያገኘው በአሜሪካ ኦሃዮ የሸክላ ዕቃ ፋብሪካ ከነበራቸውና የሥራውን ገንዘብ ከሰጡት ምእመን ነው።

ሚስዮኑ ወደ ደምቢ ዶሎ የመጣው በጭንቅ ጊዜ ነበር። በ1918 የኅዳር በሽታ አገሩን ሲፈጅ ምዕራብ ኢትዮጵያም አልተረፈም። በዚያን ጊዜ ደቡብ ሱዳን ውስጥ የዩናይትድ ፕሪስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ሚስዮን ይሠራ ነበር። የቄለም ገዥ ሐኪም እንዲላክላቸው ስለጠየቁ፣ ዶክተር ቶማስ ላምቢ ቤተሰባቸውን ይዘው በ1919 ድንበር ተሻገሩ። ሕክምናው ሰዉን አቀረበ፤ ትምህርቱና ስብከቱ ተከተለ።

ስብከቱን ከሰሙት አንዱ ጊዳዳ ሶላን ነበሩ። በልጅነታቸው ፈንጣጣ ዓይናቸውን አጥፍቶባቸው በደምቢ ዶሎ ገበያ ይለምኑ ነበር። ካመኑ በኋላ ቃሉን በጆሯቸው እየሰሙ በልባቸው ያዙት፤ ከመንደር መንደር እየዞሩም በሕዝቡ ቋንቋ በኦሮምኛ አስተማሩ። ገበያተኛው በልመና የሚያውቃቸው ሰው መምህሩ ሆኑ። ከልጆቻቸው አንዱ ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ከ1995 እስከ 2001 የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት ነበሩ።

እውነተኛው ፈተና ከጣልያን ወረራ ጋር መጣ። ሚስዮናውያኑ ከአገር እንዲወጡ ተገደዱ። በፕሪስቢቴሪያን ሥርዓት ደግሞ የሚያጠምቀውና ቅዱስ ቁርባን የሚያቀብለው የተሾመ ቄስ ነው፤ ቄስ ባይኖር ማኅበሩ ያለ ምሥጢራት ይቀር ነበር። ስለዚህ በዚያው ዘመን ጊዳዳ ሶላንና ሌላው የአገሩ ሰው ማሞ ጮርቃ ቅስና ተቀበሉ። ሁለቱ ቄሶች ከሽማግሌዎቹ ጋር ሆነው ማኅበሩን ጠበቁ፤ ወንጌሉ ወደ አዳዲስ መንደሮችም ደረሰ። ነጻነት ተመልሶ ሚስዮናውያኑ ሲመጡ ያገኙት ትተውት ከሄዱት የሰፋ ማኅበር ነበር።

ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያኒቱን እንደ ሚስዮን ቅርንጫፍ ማየት አልተቻለም። በ1947 የቤቴል ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ራሷን ችላ ተቋቋመች፤ ሚስዮኑም ደጋፊና የሥራ ባልደረባ ሆነ። በ1974 ደግሞ ቤቴል ከኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሐደች። መካነ ኢየሱስ የሉተራን ልማድ ያላት ስትሆን፣ በውሕደቱ ሁለቱ ልማዶች በአንድ ጣሪያ ሥር መኖር ጀመሩ።

የውጭ ገንዘብና ባለሙያ ብዙ ሠርቷል፤ የዳነው ሕመምተኛና የተማረው ልጅ ምስክር ናቸው፤ ውለታውም ሊዘነጋ አይገባም። ሆኖም ሰጪው ከአገር ሲወጣ ማኅበሩ ያልተበተነው፣ ኃላፊነት ተሰጥቷቸው የሠለጠኑ የአገሩ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ዛሬም ሚስዮን ለመደገፍ የሚነሳ ማኅበር፣ በአገር ውስጥም ይሁን በውጭ፣ ከሕንፃው ወጪ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ይህ ነው፦ በዚያ ቦታ የተመረጡ ሽማግሌዎች አሉ ወይ? የሚያስተምር የአካባቢው ሰው እየሠለጠነ ነው ወይ? ምእመናኑስ ከራሳቸው ያዋጣሉ ወይ? መልሱ «አዎ» በሆነበት ቦታ፣ ድጋፉ ቢቋረጥ እንኳ ሥራው ይቀጥላል።