«እንዳጠና ብዬ ነው» ሲልዎት

ከአዲስ አበባ በአስኮ ወጥተው፣ ቡራዩን፣ ገፈርሳንና መናገሻን አልፈው ሆለታ ሲደርሱ ቀድሞ ትዝ የሚልዎት ወተቷ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ወደ አምቦ የሚዘልቀው መንገድ የሚያቋርጣት ከተማ ናትና፣ ለመንገደኛና ለሾፌር የተዘረጋው ጫት ከተማሪም እጅ ይደርሳል። ሆለታን አነሳን እንጂ የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ወላጅም ጉዳዩ ይመለከተዋል።

የ12ኛ ክፍል ልጅ አለዎት እንበል። ሌሊቱን መብራት አብርቶ ሲያነብ ያድራል፤ እርስዎም ደስ ብሎዎታል። ጠዋት ግን ቁርስ እምቢ ይላል፣ ከንፈሩ ደርቋል፣ ሲያናግሩት ይቆጣል። አንድ ቀን ከቦርሳው ውስጥ ገረባ ያገኛሉ። መልሱ የታወቀ ነው፤ «እንዳጠና ብዬ ነው።»

ልጁ ሙሉ በሙሉ አልዋሸም። ትኩስ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር የአምፌታሚን ዘመድ ነው፤ እንቅልፍ ያባርራል፣ ለጥቂት ሰዓታት ያነቃል። ጣጣው ከምርቃናው በኋላ ነው። ያነበብነው በአእምሯችን የሚጸናው በእንቅልፍ ጊዜ በመሆኑ፣ ሲቅም ያደረ ተማሪ የደከመውን ያህል አይዝም። ድብርትና ዱካክ ይከተላሉ፤ በማግስቱ ሐራራው ይመጣል። ምርቃናውን ለመስበር «ጨብሲ» ተብሎ መጠጥ ይጨመራል፣ ከመጠጡ ጋር ሲጋራና ሺሻ። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚኬደው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ለነገሩ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው ሲጋራና አልኮል እንዳይሸጥ፣ ሺሻ ደግሞ ጭራሹን እንዳይኖር ከልክሏል። ሻጩን ይህን ቢያስታውሱት አያፍሩ።

«እስከ ፈተናው ብቻ ነው» ብለው ዝም ያሉም አሉ። ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. ወዲህ ግን አብዛኛው የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ቤቱን ትቶ ዩኒቨርሲቲ ግቢ እያደረ ነው የሚፈተነው። እዚያ ቅጠል ይዞ አይገባም። በጫት ብቻ ማንበብ የለመደ ልጅ ከወረቀቱ ፊት የሚቀመጠው እያዛጋና እየተነጫነጨ ነው።

ታዲያ ገረባውን ባገኙበት ሌሊት አይጩኹ፣ አይምቱትም። በልቶና ተኝቶ ሲነሳ ይጠይቁት፦ ከማን ጋር ነው? በሳምንት ስንት ቀን? ሌላስ ምን ትወስዳለህ? ከሁሉም የመጨረሻው ጥያቄ ይበልጣል። ጫት ብቻ ከሆነ በአንዴ ማቆም ይቻላል፤ ለጥቂት ቀናት እንቅልፍ ይጥለዋል፣ ይበሳጫል፣ ክፉ ሕልም ያያል። ምግብና ዕረፍት ይስጡት፣ የበርጫውን ሰዓት ደግሞ በኳስ ወይም በጋራ ጥናት ይሙሉለት። በየቀኑ አልኮል የሚጠጣ ልጅ ግን በድንገት ሲያቆም ሊንቀጠቀጥና ሊጥለው ስለሚችል ያለ ሐኪም አያስቁሙት። ትራማዶል የለመደም እንዲሁ። ሐሺሽ የሚያጨስ ከሆነ፣ በተለይ በቤተሰቡ የአእምሮ ሕመም ካለ፣ ነገ ዛሬ አይበሉ።

«ሰዎች ይከታተሉኛል» ካለ፣ ድምፅ ከሰማ፣ ወይም መሞትን ካነሳ በዚያው ቀን ይነሱ። በአቅራቢያዎ ካለው ጤና ጣቢያ ይጀምሩ፤ ከአቅም በላይ ከሆነ መርካቶ አጠገብ ወዳለው አማኑኤል ሆስፒታል ሪፈር ይጻፍልዎታል። ወረቀቱን ለልጁ ሰጥተው ብቻውን አይላኩት። አብረውት ይሂዱ።