የጥንት ሸክላ ያጋለጠው የጎተራ ጠላት

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ በአቃቂ በሰቃ አርሶ አደሩ ጤፉን፣ ስንዴውንና ሽምብራውን ወቅቶ ወደ ቤት ሲያስገባ ሌላ ትግል ይጠብቀዋል፤ እህሉን ከነቀዝ የመጠበቅ ትግል። ይህ ተባይ የሰውን ስንቅ መጋራት የጀመረው እርሻ ከመስፋፋቱ በፊት መሆኑን የሸክላ ስብርባሪ እየመሰከረ ነው።

በጃፓን የኩማሞቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሂሮኪ ኦባታና ባልደረቦቻቸው ከታነጋሺማ ደሴት በተገኘ ሸክላ ላይ 10 ሺህ 500 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የነቀዝ አሻራ ማግኘታቸውን እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ አድርገዋል። ጭቃው ሲቦካ አብሮ የገባው ነቀዝ ሸክላው ሲተኮስ ተቃጥሎ ይጠፋል፤ ቅርጹ ግን በቀዳዳነት ይቀራል። ተመራማሪዎቹ ቀዳዳውን በሲሊኮን ሞልተው ቅርጹን በማውጣት በማይክሮስኮፕ ይለዩታል። ከሆካይዶ በተገኘ አንድ ማሰሮ ላይም በኤክስሬይ በተደረገ ምርመራ 500 ገደማ ነቀዞች እንደነበሩበት ተገምቷል።

በዚያ ዘመን በጃፓን ሩዝ አይመረትም ነበር። ሰዎቹ ያከማቹት የዱር ዛፍ ፍሬ ሲሆን፣ ነቀዙም ይራባ የነበረው በዚሁ ክምችት ውስጥ ነው። የነቀዙ አሻራ የጎተራው ምስክር የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ዘዴው ለእኛም ሩቅ አይደለም። በጎረቤት ሱዳን በከሰላ አካባቢ ከ5 ሺህ ዓመት በፊት በተሠሩ ሸክላዎች ላይ የማሽላ አሻራ ተገኝቷል። በመሆኑም ለመንገድና ለግንባታ በሚቆፈር መሬት የሚወጣ የሸክላ ስብርባሪ ከመጣሉ በፊት ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይገባል።

ለአርሶ አደሩ ትምህርቱ ግልጽ ነው። እንስቷ ነቀዝ ፍሬውን ቦርቡራ እንቁላሏን ትጥልና ቀዳዳውን መልሳ ትደፍነዋለች። ስለዚህ ንጹህ መስሎ የሚታይ ስንዴ ወይም በቆሎ ተባዩን በሆዱ ይዞ ሊገባ ይችላል። ጤፍ ከዚህ የሚተርፈው ፍሬው ለነቀዝ ዕጭ ማደጊያ ስለማይበቃ ነው።

መከላከሉ የሚጀምረው እህሉ ከመግባቱ በፊት ነው። የአምናው ርዝራዥ ከጎተራው ተጠርጎ ይውጣ፤ አዲሱ እህል ከአሮጌው አይቀላቀል፤ እርጥበቱ ከ13 በመቶ በታች እስኪወርድ በፀሐይ ይድረቅ። አየር በማያስገባ ከረጢት በደንብ ከታሰረ ደግሞ ነቀዙ ውስጥ ያለውን አየር ጨርሶ ይሞታል።