ተራኪውን ማመን፦ በ«ዲቱር» ፊልም ትወናና ዝግጅት ላይ የቀረበ አጭር ማብራሪያ

የአንደኛ መደብ አንጻርን ሳስተምር ከልብ ወለዶች ጎን የምጠቅሰው አንድ የወንጀል ፊልም አለ፤ ኤድጋር ኡልመር አዘጋጅቶት በ1945 እ.ኤ.አ. ለእይታ የበቃው «ዲቱር»። ፊልሙ ፒ. አር. ሲ. በተባለ፣ በአነስተኛ ገንዘብ በመሥራት በሚታወቅ የሆሊውድ ኩባንያ የተሠራ ሲሆን 70 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ትወናውና ዝግጅቱ ለትረካው ያበረከቱትን ማሳየት ነው።

አል ሮበርትስ የተባለ የኒውዮርክ ፒያኖ ተጫዋች መኪና እየለመነ ፍቅረኛው ወዳለችበት ወደ ሆሊውድ ይጓዛል። ያሳፈረው ሰው መንገድ ላይ ይሞታል። አልም እጠረጠራለሁ ብሎ በመፍራት የሟቹን ስም፣ ገንዘብና መኪና ይወስዳል። በኋላ የሚያሳፍራት ቬራ ግን ሟቹን ታውቀዋለች። ይህን ሁሉ የሚነግረን አል ራሱ ነው።

ቶም ኒል አልን ሆኖ ሲጫወት ፊቱ የተኮሳተረና የደነዘዘ ነው። ለዓመታት ይህን እንደ ደካማ ትወና ቆጥሬ አስተምሬአለሁ። አንድ ተማሪ ግን «ተራኪውን ለምን አመኑት?» ሲል ጠየቀኝ። ፊልሙን ደግሜ ሳየው ስሕተቴ ገባኝ። ድምፁ ዕድሉን ያማርራል፤ እጁ ግን የሟቹን ቦርሳ ይወስዳል። በድምፁና በድርጊቱ መካከል ያለው ክፍተት ፍርዱን ለተመልካቹ ይተዋል።

አን ሳቬጅ በአንጻሩ ቬራን እንደ ስለት አቅርባታለች። መኪናው ውስጥ ካሸለበችበት ድንገት ነቅታ ስለ ሬሳው ስትጠይቅ ተመልካቹም ይደነግጣል። ሆኖም ስታስል፣ እጇንም በአል ትከሻ ላይ አሳርፋ ፊት ስትነሳ፣ ከቁጣዋ በስተጀርባ ያለው ብቸኝነት ይታያል። ተራኪው ሊያስጠላን የፈለጋትን ሴት ተዋናይቱ ሰው አድርጋታለች።

ኡልመርም እጥረቱን ለትረካው አውሎታል። የኒውዮርክ ጎዳና በጭጋግ ተሸፍኗል፤ ጭጋጉ የመድረክ ግንባታ ወጪን ቢያስቀርም የተራኪውን የደበዘዘ ትዝታም ይመስላል። ቬራ በስልክ ገመድ ታንቃ ስትሞትም ካሜራው ክፍሉን እየቃኘ አንዴ ይደበዝዛል፣ አንዴ ይጠራል፤ የአል አእምሮ ያየውን ለመቀበል ሲታገል የምናይ ይመስለናል።

ፊልሙ በ1992 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ሰፍሯል። ለእኛ ግን ትምህርቱ ሌላ ነው፦ ተራኪ የሚለውን ከመቀበላችን በፊት የሚያደርገውን እንመልከት።