ከደሴ እስከ መካነ ሰላም፦ የቅጥቅጥ ውሎ

ቅጥቅጥ የሚባለው የሕዝብ ማመላለሻ ከሥሩ ሲታይ የጭነት መኪና ነው። በአይሱዙ ሻንሲ ላይ በአገር ውስጥ ጋራዥ ቦዲ ተበይዶለት፣ ወንበር ተደርድሮለት፣ ጣሪያው ላይ ፖርቶመጋላ ተገጥሞለት መንገድ ይገባል። የውጭ አገር ጎብኚዎችን ከናይሮቢ እስከ ኬፕታውን የሚያመላልሱት የሳፋሪ ካሚዮኖችም የሚሠሩት በዚሁ ብልሃት ነው። የሳፋሪው መንገደኛ ግን ረጅሙን ቀን የሚገፋበት መጽሐፍና የካርታ ጨዋታ ይዞ ይሳፈራል፤ የቅጥቅጡ መንገደኛ የሚተማመነው አጠገቡ በሚቀመጠው ሰው ነው።

ከደሴ ወደ ምዕራብ የሚሄደው መንገድ ጉጉፍቱ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ከዚያ የለጋምቦን ደጋ አቋርጦ አቀስታ ይደርሳል፤ ቀጥሎ የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ መካነ ሰላም ነው። ቀን የሚበላው ከርቀቱ ይልቅ ዳገቱ፣ ጠመዝማዛውና መቆሚያው ነው። በክረምት ጭቃ ሲይዝ ተሳፋሪው ወርዶ መግፋቱም ያለ ነው።

ውሎው የሚጀምረው መናኸሪያ ውስጥ ነው። መኪናው እስኪሞላ መጠበቅ የጉዞው አንድ ክፍል ስለሆነ ለነገሩ አዲስ ያልሆነ ሰው ቁርሱን እዚያው ይጨርሳል። ጋቢና እግር መዘርጊያ ስላለው ቀድሞ ይያዛል፤ የኋላ ወንበር ጠጠር መንገድ ላይ ወገብ ይፈትናል። ትርፍ የተጫነው ሰው መተላለፊያው ላይ በዱካ ይቀመጥና ትራፊክ ፖሊስ ሲታይ አንገቱን ይደፋል።

ሙግት የሚነሣው በመስኮት ነው። የደጋው ብርድ ይመታኛል የሚለው ወገን ብዙ ስለሆነ መስኮቱ ተዘግቶ ይውላል፤ አየር ያነሰው ወጣትም በትንሹ ከፍቶ ቁጣ ይጠብቃል። በዚህ ላይ ጠመዝማዛው ሲጨመር ማቅለሽለሽ ይመጣል፤ ረዳቱ ፌስታል ያድላል፣ ሎሚ ወይም ጤናዳም የያዘም ጎረቤቱን ያስሸትታል። እውነቱን ለመናገር ከሎሚው ይልቅ የሚረዳው መስኮቱን መክፈት ነበር።

ሰው ሰላም ከተባባለ በኋላ የመጀመሪያው ጥያቄ አገርዎ ወዴት ነው የሚል ነው። መልሱ ከታወቀ የጋራ ዘመድ ወይም የጋራ ገበያ መፈለግ ይጀመራል፤ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ቆሎ የያዘ ሰው ብቻውን አይቆረጥምም፤ እጁን ሳይዘረጋ ቢበላ ጨዋታውን ያጣል። የበግና የገብስ ዋጋ፣ የበልግ ዝናብ መዘግየት፣ የልጆች ፈተና እየተነሣ ዳገቱ ያልቃል።

ሙዚቃ የሾፌሩ ሥልጣን ነው። የወሎ መኪና ውስጥ ግን ሾፌሩም ተሳፋሪውን ያያል፦ መንዙማ ከተሰማ በኋላ ትዝታ ይከተላል፣ ከዚያም ዘፈን። ከአራቱ ታዋቂ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ ቦታ ስም የያዙ ስለሆኑ ምርጫ አያጥርም። ድምፁ ሲበዛ ሽማግሌ ቀነስ አድርገው ይላሉ፤ ይቀነሳል።

ለምሳ አቀስታ ይወረዳል። ረቡዕና ዓርብ ጿሚው ሽሮ ያዛል፣ ሥጋ የሚበላውም የክርስቲያንና የእስላም ቤት ለይቶ ይገባል፤ የሰላት ሰዓት የደረሰበት ይሰግዳል። ረዳቱ በር መትቶ እስኪጠራ ድረስ የሚዘገይ ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም፤ መኪናው ግን ጥሎት አይሄድም።

ከሰዓት በኋላ ጨዋታው ይበርዳል። ብዙው ያንቀላፋል፣ የባልንጀራ ትከሻ ላይ መደገፍም አያስነውርም። ንቁ የሆነ ሰው ከመስኮት የገብስ ማሳና ባና የተከናነቡ እረኞች ያያል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚገኙበት የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክም በዚሁ አካባቢ ነው፤ እንስሳቱን ማየት የፈለገ ግን ከመኪና ወርዶ በእግር መሄድ ይኖርበታል።

መካነ ሰላም 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። መኪናው እዚያ ሲደርስ ረዳቱ ፖርቶመጋላው ላይ ወጥቶ ጭነት ያወርዳል፣ የዕቃ ሒሳብ ላይም አጭር ክርክር ይደረጋል። ወደ ዓባይ ሸለቆ ወርዶ ጎጃም ሊሻገር የሚፈልግ መንገደኛ ማደሪያ ይፈልግና በማግስቱ ሌላ መኪና ይይዛል።