በሀገራችን ስም የምትጠራው ድመትና ከዘር የሚወረሰው ዕውርነት

ድመት በየቤታችን አይጥን ከጎተራ የምታርቅ አገልጋይ ናት፤ የዘሯንም ሐረግ የሚቆጥርላት የለም። በአውሮፓና በአሜሪካ ግን ትውልዷ በመዝገብ የተጻፈላት ድመት አለች። ከእነዚህም አንደኛዋ የውጭ ሰዎች ሀገራችንን ይጠሩበት በነበረው ስም «አቢሲኒያ» ትባላለች። በ1860 ዓ. ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር እንደ ተወሰደች ይተረካል፤ የዘር ምርመራ ያደረጉ ሊቃውንት ግን መነሻዋን በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ በኩል ይፈልጉታል።

ይህች መልከ መልካም ድመት ከዘር የሚወረስ የዓይን በሽታ አለባት። ግልገሏ ስትወለድ እያየች ታድጋለች፤ በሁለት ዓመት ገደማ በዓይኗ ውስጥ ብርሃንን የሚቀበለው ስስ ሽፋን መመንመን ይጀምራል። አስቀድሞ የሚጠፋው በጨለማ የሚያየው ክፍል ነው፤ ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜም ብዙዎቹ ፈጽመው ይታወራሉ። ሕመም ስለሌለውና ድመቲቱም ቤቱን በጆሮዋና በጢሟ ስለምታውቀው፣ ባለቤቷ ነገሩን የሚረዳው ምናልባት ወንበር ከቦታው ተነሥቶ ስትጋጭ ነው።

በሽታውን በስዊድን አገር ክርስቲና ናርፍስትሮም የተባሉት ሐኪም እ. ኤ. አ. በ1980ዎቹ መርምረው ጻፉ። በ2007 ደግሞ ምክንያቱ ሲኢፒ 290 በሚባለው ዘረ መል ላይ የደረሰ ስሕተት መሆኑ ታወቀ። የዚሁ ዘረ መል ጉድለት በሰው ልጆችም ላይ ሕፃናትን ያሳውራልና፣ የድመቲቱ ነገር ለሰውም ትምህርት ሆነ።

ስሕተቱን ከአንድ ወገን ብቻ የወረሰች ድመት ጤነኛ ናት፤ ነገር ግን ተሸካሚ ናት። ሁለት ተሸካሚዎች ሲዳቀሉ ከሚወለዱት 100 ግልገሎች 25ቱ ለዕውርነት፣ 50ው ለተሸካሚነት፣ 25ቱም ለንጹሕነት ይደርሳቸዋል ተብሎ ይገመታል። አርቢዎች መልክን ብቻ በመሻት ዘመድን ከዘመድ ሲያዳቅሉ የተሰወረው ጉድለት ከተሰወረው ይገናኛል። አባቶቻችን ጋብቻ ሲያስቡ እስከ ሰባት ትውልድ መቁጠራቸው ለዚህም ነገር የሚጠቅም ነበር።

ዛሬ ከጉንጯ ውስጥ በጥጥ ጠርጎ በመመርመር ተሸካሚዋን መለየት ይቻላል። ተሸካሚዋም መጣል አይገባትም፤ ከንጹሕ ጋር ብትዳቀል ከግልገሎቿ በዚህ በሽታ የሚታወር አይኖርም። ሁሉም ተሸካሚዎች ቢወገዱ ግን ዘሩ ይጠባል፤ ሌላ የተሰወረ ጉድለትም ይገለጣል።

የታወረችውን ግን የምግቧን ሥፍራ ሳንለውጥ፣ ወደ መንገድ ሳንለቅ ብንጠብቃት በሰላም ትኖራለች። ውበትን ፈልጎ ያራባት ሰው ነውና፣ ዓይኗንም መጠበቅ የሰው ዕዳ ነው።